የሰሜን አሜሪካን የዱር ሩዝ መርጦ መግዛት፣ ማዘጋጀትና መቀቀል

በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲንና በአጎራባቹ የካናዳ ግዛቶች ሐይቆች ላይ የሚበቅለው የዱር ሩዝ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ በሚኖሩ ወገኖቻችን ማድ ቤት አልፎ አልፎ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም አንድ ቀን ተሞክሮ መደርደሪያ ላይ ይረሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንደ ነጭ ሩዝ ውኃው ተለክቶ ሲጣድ ውኃው አልቆ ፍሬው ጥሬ ይቀራል፣ ውኃ ተጨምሮበት ሲረሳ ደግሞ ተፈረካክሶ ገንፎ ይሆናል። ጥፋቱ የባለሙያዋ ወይም የባለሙያው አይደለም፤ በአንድ ስም የሚሸጡት እህሎች በአበቃቀላቸውና በአቆላላቸው እጅግ ስለሚለያዩ፣ አንዱ በሃያ ደቂቃ ሲበስል ሌላው አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ድስቱ ከመጣዱ በፊት ከረጢቱ ውስጥ ያለው ፍሬ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ የቀረው ሥራ ሁሉ የሚመራው በዚህ ነው።

ተክሉን ማወቅ

የዱር ሩዝ ከተለመደው ሩዝ ጋር የሚዛመድ፣ ነገር ግን ራሱን የቻለ የሣር ወገን ነው። ሳይንሳዊ የወገን ስሙ ዚዛኒያ ሲሆን፣ ለምግብ በብዛት የሚሰበሰበው የሰሜኑ ዝርያ ዚዛኒያ ፓሉስትሪስ ይባላል። በአገራችን በፎገራ ረግረጋማ ሜዳና በጋምቤላ የሚታየው የዱር ሩዝ የኦሪዛ ወገን፣ ማለትም የተለመደው ሩዝ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ከዚህ ተክል ጋር መምታታት የለበትም፤ ከዚህ በታች የተጻፈው የአበሳሰል ሥርዓትም እርሱን አይመለከትም።

ተክሉ በየዓመቱ ከዘር እንደ አዲስ የሚበቅል ነው። በመከር ወራት የረገፈው ፍሬ ወደ ሐይቁ ወለል ሰምጦ ጭቃው ውስጥ ይከርማል፤ ሦስት አራት ወር ያህል ለመቀዝቀዝ ጥቂት በቀረው ውኃ ውስጥ ካልቆየ አይበቅልም። በጸደይ ይበቅልና በጁን ወር ቅጠሉ በውኃው ገጽ ላይ ተኝቶ እንደ ጥብጣብ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ አገዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ በጁላይ መጨረሻ ገደማ ያብባል፣ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ፍሬው ይደርሳል። የሚመቸው ከ15 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ በዝግታ የሚንቀሳቀስና ወለሉ ለስላሳ ጭቃ የሆነ ውኃ ነው። ቅጠሉ በሚንሳፈፍበት ጊዜ ሐይቁ በድንገት ከፍ ካለ ገና ያልጠነከረው ሥር ከጭቃው ይነቀላል፤ የዚያ ዓመት ምርትም አብሮ ይሄዳል። ከማዕድን ማውጫ ወደ ውኃ ሊገባ የሚችል፣ ሰልፌት የሚባል ድኝ አዘል ጨውም ይጎዳዋል፤ ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሰልፌቱን ለሥሩ መርዝ ወደሆነ ሰልፋይድ ይቀይሩታልና። የሚኒሶታ ግዛት በ1973 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የዱር ሩዝ በሚበቅልበት ውኃ ውስጥ ሰልፌት በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የደነገገው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ በማዕድን አውጪዎችና በሐይቆቹ ተቆርቋሪዎች መካከል የሚደረገው ክርክርም ብዙውን ጊዜ በዚህ ቁጥር ዙሪያ ነው።

የእነዚህ ሐይቆች አካባቢ ነባር ሕዝብ ለሆነው ለኦጂብዌ ይህ እህል፣ በቋንቋቸው ማኖሚን፣ ከምግብም በላይ ነው። አያቶቻቸው ከምሥራቅ ተነሥተው ምግብ በውኃ ላይ ወደሚበቅልበት አገር እንዲሄዱ በትንቢት እንደተነገራቸው ይተርካሉ፤ በ2018 ደግሞ የኋይት ኧርዝ ኦጂብዌ ማኅበረሰብ ማኖሚን ራሱ የመኖርና የመራባት መብት እንዳለው የሚደነግግ ሕግ አውጥቷል። ገዢ ይህን ማወቁ ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ገበያ ላይ ዋጋው ለምን እንደሚለያይም ያስረዳል።

መጀመሪያ፦ ፍሬውን መለየትና መግዛት

በገበያ የሚገኘው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከተፈጥሮ ሐይቅ በታንኳ፣ በእጅ የተሰበሰበው ነው። በእንጨት እሳት የታመሰ ከሆነ ፍሬው አንድ ዓይነት ቀለም የለውም፤ ቡናማ፣ አመድማ፣ አረንጓዴ የሚያጣቅስና ጥቁር ተቀላቅሎበት ደብዘዝ ያለ መልክ ይኖረዋል፣ ሲሸተትም ጭስ ጭስ ይላል። ሁለተኛው እንደ ማሳ ተገድቦ ውኃ በሚሞላበት እርሻ በመኪና የሚመረተው ሲሆን፣ መልኩ ጥቁርና አንጸባራቂ፣ ፍሬውም አንድ ወጥ ነው። የጠቆረበት ምክንያት ከመታመሱ በፊት እርጥብ እንደሆነ ተከምሮ ለቀናት እንዲቆይ ስለሚደረግ ነው። ይህ ዓይነት እርሻ በሚኒሶታ በ1950 ገደማ የተጀመረ ሲሆን፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ ፍሬው ቶሎ የማይረግፍ ተክል ካገኙ በኋላ ተስፋፋ፤ ብዙ ምርት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ የዱር ሩዝ በተፈጥሮ የማይበቅልበት የሰሜን ካሊፎርኒያ ሸለቆ መሆኑ ያስገርማል። ሦስተኛው ከነጭ ወይም ከቡናማ ሩዝ ጋር ተደባልቆ የሚሸጠው ነው።

በሚኒሶታ ሕግ በእርሻ የተመረተው የዱር ሩዝ በማሳ የተመረተ መሆኑ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ነው፤ ጽሑፉን ፈልገው ያንብቡ። የሐይቁን የሚሸጡት ደግሞ የሐይቁን ወይም የኦጂብዌውን ማኅበረሰብ ስም፣ አንዳንዴም በእንጨት እሳት መታመሱን ይጽፋሉ። ዋጋው ከእርሻው በእጅጉ ይበልጣል፤ ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው ትንሽም ቢሆን የሐይቁን እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ጥቁሩን ብቻ የቀመሰ ሰው የእህሉን ጣዕም አውቋል ለማለት ይከብዳል። የተደባለቀውን የሚገዙ ግን ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የዱር ሩዙ መጠን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብሮት የሚገኘው የቅመም ፓኬትም የዶሮ መረቅ ዱቄት ወይም የወተት ተዋጽኦ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በጾም ወቅት ዝርዝሩን ሳያነቡ እንዳይጠቀሙ።

ሁለተኛ፦ ራስዎ መሰብሰብ ከፈለጉ

ይህን ክፍል ከሱቅ የሚገዛ አንባቢ ሊያልፈው ይችላል። በሚኒሶታ የሚኖርና ታንኳ ላይ መቆም የማያስፈራው ሰው ግን በመከር ወራት ለቤቱ የሚሆን እህል መሰብሰብ ይችላል፤ ሕጉን ማክበር ግን ግድ ነው። ከግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ወቅቱ ከኦገስት 15 እስከ ሴፕቴምበር 30፣ የቀኑ ሥራ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት እስከ ቀኑ 3 ሰዓት ነው፤ ወቅቱ ቢከፈትም እሸቱ ካልደረሰ መሰብሰብ ክልክል ነው። ታንኳው ከ18 ጫማ የማይረዝም፣ ከ36 ኢንች የማይሰፋና በሰው ጉልበት ብቻ የሚሄድ መሆን አለበት። መምቻ ዱላዎቹ እያንዳንዳቸው ከ30 ኢንች ርዝመትና ከአንድ ፓውንድ ክብደት መብለጥ የለባቸውም። በኦጂብዌ ይዞታ ውስጥ ያለ ሐይቅ ደግሞ የራሱ ደንብ ስላለው የማኅበረሰቡ አባል ያልሆነ ሰው ከመሄዱ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ቆሞ፣ ጫፉ ባላ በሆነ ረጅም ዘንግ የሐይቁን ወለል እየገፋ ታንኳውን በሣሩ መሐል ያሳልፋል፤ ባላው የሚያስፈልገው ዘንጉ ጭቃው ውስጥ እንዳይሰጥምና ሥሩን እንዳይነቅል ነው። ሌላው ተቀምጦ በቀኝ እጁ በያዘው ዱላ አገዳዎቹን ወደ ታንኳው ጎንበስ ያደርጋል፣ በግራው ዱላ ዘለላውን ከላይ ወደ ታች ዳበስ እንደማድረግ አድርጎ ይመታል፤ ከዚያ በሌላው ጎን እጁን ቀይሮ ይደግማል። የደረሰ ፍሬ በዚህ ብቻ ይረግፋል። ጠንክሮ መምታት አገዳውን ይሰብራል፤ በአንድ ዘለላ ላይ ያለው ፍሬ ከጫፉ ጀምሮ በተለያየ ቀን ስለሚደርስ፣ ያልተሰበረ አገዳ ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ይመታል። ከታንኳው ውጭ የሚወድቀው ፍሬም ብክነት አይደለም፤ የሚቀጥለው ዓመት ዘር ነው።

እጅጌው የረዘመ ልብስና የዓይን መነጽር አይርሱ። እያንዳንዱ ፍሬ ጫፉ ላይ እንደ ገብስ ጢም ረዘም ያለና የሚዋጋ ነገር አለው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያስቸግራል። ፍሬውን የሚመገብ የእሳት እራት ትልም ከእህሉ ጋር ታንኳው ውስጥ ይወድቃልና ይነክሳል። ለሁለቱም ሰዎች የመንሳፈፊያ ጃኬት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ማስጣት፣ ማመስ፣ መፈተግና ማበጠር

ከሐይቅ የመጣ እርጥብ እህል በጆንያ ካደረ ይሞቃል፣ ይሻግታል። በዚያው ቀን በንጹሕ ሸራ ላይ ስስ አድርገው ያስጡት፤ በየሰዓቱ እያገላበጡ ትሉን፣ ቅጠሉንና ስብርባሪ አገዳውን ይልቀሙ። አንድ ሁለት ቀን አየር ካገኘ በኋላ ይታመሳል።

ማመስ ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ እርጥበቱን ያወጣል፣ ገለፈቱን ያደርቃል፣ ፍሬውም ከእንግዲህ እንዳይበቅልና ለዓመታት እንዲቀመጥ ያደርጋል። ሰፊ የብረት ድስት ወይም ወፍራም ብረት ምጣድ በመካከለኛ እሳት ላይ ያጋሉ፣ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ያለማቋረጥ በእንጨት መቅዘፊያ ያማስሉ። እሳቱ ከበረታ ፍሬው ፈንድቶ እንደ ፈንዲሻ ይነጣል፤ ዝም ከተባለ ደግሞ ያራል። አንድ ፍሬ አውጥተው በጥርስ ሲሰብሩት ቀጭ ብሎ ከተሰበረና ገለፈቱ በጣት ሲታሽ ከለቀቀ ደርሷል።

ቀጥሎ መፈተግ ነው። ኦጂብዌዎች በሥርዓታቸው በቆዳ የተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ጨምረው በንጹሕ የቆዳ ጫማ እየረገጡ፣ እንደ መጨፈር እያሉ ያሹታል። ለጥቂት ኪሎ የእንጨት ሙቀጫ ይበቃል፤ ዘነዘናውን ሳያሳርፉ ቀስ እያሉ መሸክሸክ እንጂ መውቀጥ አያስፈልግም፤ ፍሬው ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል። በመጨረሻ እብቁን በሰፌድ አበጥረው ይለዩ። ኦጂብዌዎች በርች ከሚባል ዛፍ ቅርፊት በተሠራ ሰፊ ገበቴ ያበጥሩታል፤ የኛ ሰፌድ ምንም ሳይጎድለው ይህን ሥራ ይሠራል። ሁለት ኪሎ እርጥብ እህል በግምት አንድ ኪሎ ንጹሕ የዱር ሩዝ ይሰጣል። ድካሙ የበዛበት ሰው በክፍያ የሚያምሱና የሚፈትጉ ሰዎች በሐይቆቹ አቅራቢያ ማግኘት ይችላል።

አራተኛ፦ መልቀምና ማጠብ

ከሱቅ የተገዛውም ቢሆን በትሪ ላይ ስስ ተደርጎ መለቀም አለበት። የሚፈለገው ጠጠር ብቻ አይደለም። ኧርጎት የሚባል የእህል ፈንገስ ይህንንም ተክል ሊይዝ ይችላል፤ ከፍሬው ወፈር ያለ፣ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ቀለም የሚታይበት ነገር ካገኙ አውጥተው ይጣሉ። ፋብሪካዎች ራሳቸው አበጥረው ስለሚለዩት በሱቅ እህል ላይ እምብዛም አይታይም፤ ራስዎ በሰበሰቡት ላይ ግን ችላ የሚባል ነገር አይደለም። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠቡት፤ የሚንሳፈፈውን እብቅ ያፍሱ።

አምስተኛ፦ መቀቀል

የዱር ሩዝ ውኃውን መጥጦ እንደሚጨርስ ሩዝ ሳይሆን እንደ ንፍሮ ነው የሚቀቀለው፤ ውኃ በርከት ተደርጎ ይጣዳል፣ ሲበስል ይጠነፈፋል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ሌላው ቁጥር ቢጠፋበትም እራቱ አይበላሽበትም።

ለአንድ ኩባያ በእንጨት እሳት የታመሰ የሐይቅ እህል ሦስት ኩባያ ውኃ፣ ለአንድ ኩባያ ጥቁር የእርሻ እህል አራት ኩባያ ውኃና ትንሽ ጨው ይበቃል። ውኃው ሲፈላ እህሉን ይጨምሩ፤ እንደገና ሲፈላ እሳቱን ቀንሰው በከፊል ይክደኑት። የሐይቁን ከ15 ደቂቃ ጀምሮ ይቅመሱ፤ ብዙውን ጊዜ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ይደርሳል። ጥቁሩ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይፈልጋል። ሌሊቱን ቢዘፈዘፍ ጊዜው ጥቂት ያጥራል። ውኃው ቀድሞ ካነሰ የፈላ ውኃ ይጨምሩ እንጂ ቀዝቃዛ አይጨምሩ።

መብሰሉን የሚነግረው ሰዓቱ ሳይሆን ፍሬው ነው። በማንኪያ ጥቂት አውጥተው ብርሃን ላይ ይመልከቱ። መጀመሪያ ያብጣል፤ ቀጥሎ ጥቁሩ ልባስ በርዝመቱ ቀጭን መስመር ሠርቶ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም አመድማ ነጭ ውስጡ ይታያል። ግማሽ ያህሉ ፍሬ ከተሰነጠቀና ሲታኘክ ልባሱ ትንሽ እየታገለ ውስጡ ከለሰለሰ፣ ያን ጊዜ ያውጡት። ሁሉም ተከፍቶ ጫፎቹ ወደ ኋላ ከተጠቀለሉ አልፎበታል፤ ለሾርባ ቢሆን እንጂ ለብቻው አይቀርብም። ከእሳት አውርደው ተከድኖ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይጠንፍፉት። የሚወጣው ውኃ ሻይ የመሰለና ጣዕም ያለው ስለሆነ ለሾርባ ያስቀምጡት። አንድ ኩባያ ጥሬ ከሦስት እስከ አራት ኩባያ የበሰለ ይሆናል፤ ለሁለት ሰው ሁለት ኩባያ ጥሬ የሚጥድ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲበላው ሊከርም ነው።

በኤሌክትሪክ የግፊት ድስት ለሚያበስል፣ አንድ ኩባያ ጥቁር እህል በሁለት ኩባያ ውኃ 25 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ይህ መንገድ በተለይ ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ለሚሄዱ ይጠቅማል፤ በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ፣ በተራ ድስት ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ሰዓት የፈጀው እህል እዚያ ከዚያ በላይ ያቆያል።

ስድስተኛ፦ ለጾም የሚሆን፣ በእንጉዳይ

ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቀስ ተብሎ ይቁላላ፤ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ይጨመርበት። 250 ግራም የተከተፈ እንጉዳይ በሌላ ሰፊ መጥበሻ፣ በጋለ እሳት፣ ጨው ሳይገባበት ውኃው እስኪደርቅና ጠርዙ እስኪቀላ ድረስ ይጠበስ፤ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ከተጨመረ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ሦስት ኩባያ የተቀቀለ የዱር ሩዝ፣ ጥቂት ጦስኝ፣ ጨውና ካስቀመጡት የመቀቀያ ውኃ ግማሽ ኩባያ ይጨምሩ፤ አምስት ደቂቃ ያህል በለስላሳ እሳት ይቆይ፣ ሊወርድ ሲል ፍሬው የወጣ የቃሪያ ክትፎ ይነስነስበት።

በርበሬ መጨመር የሚፈልግ ይኖራል። ለጥቁሩ የእርሻ እህል ቅር አይለኝም፤ የሐይቁ ግን የጭሱ መዓዛ ስስ ስለሆነ በርበሬና ኮረሪማ ያጠፉበታል፤ ዋጋውንም የከፈሉት ለእርሱ ነበር። በሚኒሶታ የተለመደው የዱር ሩዝ ሾርባ በክሬምና በዶሮ ስለሚሠራ ለፍስክ ይሆናል። ጠዋት ለሚበላ ደግሞ የተቀቀለውን አሙቆ በሜፕል ሽሮፕና በብሉቤሪ ማቅረብ ይቻላል፤ ሁለቱም የዚያው አካባቢ ምግቦች ናቸው፣ ጾምም አይሽሩም።

የበሰለ አንድ ኩባያ 166 ካሎሪ፣ ስድስት ግራም ተኩል ፕሮቲንና ሦስት ግራም ያህል አሰር አለው። ግሉተን ስለሌለው ስንዴና ገብስ ለማይስማማቸው ይሆናል። ስኳር ሕመም ያለባቸው ግን ኩባያው 35 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዳለው ቆጥረው መመገብ አለባቸው፤ መጥቆሩ ከእህልነት አያወጣውም።

ማስቀመጥ፣ ስለ ዘሩም

ጥሬው በደንብ የደረቀ ከሆነ በሚዘጋ ዕቃ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ርቆ ለዓመታት ይቀመጣል። የተቀቀለው በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ እስከ አራት ቀን ይቆያል። በፍሪዘር በትንንሽ ከረጢት ተከፋፍሎ ስድስት ወር ቢቆይ ጣዕሙ ብዙም አይለወጥም፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ጥቁር እህል በብዛት ቀቅሎ እንዲህ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ከሱቅ የተገዛውን ዘርቶ ለማብቀል የሚያስብ አንባቢ ካለ አይድከም፤ የታመሰ ፍሬ ሕይወት የለውም። ለዘር የሚሆነው ከሐይቅ እንደወጣ ሳይደርቅ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ክረምቱን በብርድ የሚከርመው ብቻ ነው። ሕያው ዘር አግኝቶ ወደ አገር ቤት ለመውሰድና ጣና ዳር ለመሞከር የሚያስብ ደግሞ እባክዎ ይተዉት፤ ቅዝቃዜውን ስለማያገኝ የመብቀል ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ሲያስጨንቀው የኖረ ሐይቅም ሌላ የውጭ የውኃ ተክል ሊሞከርበት አይገባም። ለአገር ቤት ዘመድ የታመሰውን፣ የአቀቃቀሉን ሥርዓት በአንድ ወረቀት ጽፎ መላክ ይሻላል።